አራት ወንበሮች

መምህር ቢያዝን መጣ፣ ሰኔ ግም ሲል ማታ፣
ዣንጥላውን ሳያጥፍ፣ ሳይሰጥ ሰላምታ፦
«አንማው፣ አራት ወንበር፣ እጀታ የሌለው፣
ክንድ የማያሰናክል፣ ጀርባው ቀጥ ያለው፤
ዴኖች ቢቸና ይመጣሉ፣ የፊታችን ማክሰኞ ነው፣
ከትምህርት ቤታችን ሊጫወቱ፣ አራት ሆነው።»

«ቁጭ ብለው?» አለ አባቴ ገርሞት፤
«የኛ አዝማሪ ቆሞ አይደል ሰርግ የሚያነጋው ሌሊት?»

ዋንዛ ነበረ ጣውላው፣ ሦስት ዓመት የደረቀ፣
ለእኅቴ ሣጥን ተብሎ ከቆጥ ላይ የተጠበቀ።
የሷ ሣጥን ቀረ፤
በሦስተኛው ሌሊት፣ በኩራዝ፣ አራት ወንበር ተደረደረ።
አንዱ ግን ሲጥ ይላል።
አባቴ ሊፈታው መሮውን ሲያነሳ
«ደረሱ!» አሉ ልጆች፣ ላንድሮቨር ሲያገሳ።

ሦስት ወንድ፣ አንዲት ሴት።
የዓባይ በረሃ አቧራ ከቅንድባቸው አልለቀቀም።
ሴትዮዋ ሰው የሚያህል ሣጥን አዝላ ወረደች፤
ልጆቹ «ሬሳ ነው!» ሲሉ፣ ሳይገባት ፈገግ አለች።

ሊጀምሩ ሲሉ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣
ገና ያልሰማነውን ድምፅ ጠራርጎ ይዞት ሄደ።
ሲሄድ ሲመለስ ቀስቱን ብቻ አየነው፤
አባቴ በጆሮዬ፦ «መጋዝማ የኔም ሙያ ነው።»

እስኪያባራ ድረስ ባለ ቪዮላው ሽማግሌ
ወግ ጀመረ፤ ቢያዝን ይተረጉማል፦
«ጥንት ባገራችን ቢራ ጠማቂና መድኃኒት ቀማሚ
ማታ ማታ በሻማ ይጫወቱ ነበር፣ ያለ አንድም ሰሚ።
ያ ልማድ ነው የወለደን። ይኸው ስልሳ ዓመታችን፤
ከመሥራቾቹ አንድም የለም ዛሬ በመሀላችን።
በጀርመን ዘመን፣ ኮፐንሃገን መብራቷን ስታጠፋ፣
ፊተኛው ቫዮሊን በቃሉ ተጫወተ፣ አንዲት ኖታ ሳትጠፋ፤
በሰላሙ ዓመት ሞተ፤ ተማሪው ገባ በምትኩ።
ሁለተኛው አኩርፎ ሄደ፣ ዓሣ ሸጠ፤ ተገኘ ሌላ በልኩ።
ባለ ቼሎው ዓይኑ ጠፋ፤ ይቺ የልጅ ልጁ ናት።
እኔም ለዚህች ቪዮላ ሦስተኛ ነኝ፣ ሁለት ሰዎች ሞተውላት።
ስማችን ግን ያው ነው።»

ከጥግ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ የዲማው የኔታ ወልደ ሰንበት
«ወንበር በሉታ!» አሉ፣ ጮክ ብለው፤
«መምህር ይሞታል፤ ወንበርን ማን ገደለው?»

ቢያዝን ሊተረጉም አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፤
የቅኔ ቤቱን ወንበር ለዴን ምን ብሎ ይዘርጋ?
«ወንበሩን ወደዱት» አለ በመጨረሻ።
አራቱም ተነሱ፣
ዋንዛውን ዳበሱ፣
ላባቴ እጅ ነሱ።

ከዚያ አባራ።
የሰማሁትን እንዴት ልንገራችሁ?
አንዱ የጀመረውን ነገር ሌላው ተቀብሎ ያደርሰዋል፤
የማን ቃል እንደሆነ ስፈልግ፣ አራተኛው ይመልሰዋል።
የኔታ ጆሯቸውን ወደ ቪዮላው አዘነበሉ፣
ወርቁን ከመሀል መፈለግ የለመዱ ናቸውና፣ ዓይናቸውን እንደከደኑ ዋሉ።
በዝግታው ቦታ፣ ቀስት ሁሉ አየር ላይ በቆመበት፣
ሁለተኛው ቫዮሊን ትንሽ ተነቃነቀ፤
ሲጥ!
አባቴ አንገቱን ደፋ።
ሴትዮዋ ሳቋን ከቼሎው አንገት ኋላ ሸሸገች፤
ማታ ሲነሱም የተበጠሰ ክር ለአባቴ ሰጥታው ሄደች፤
እስኪሞት ድረስ የቱንቢው ማንጠልጠያ እሷ ነበረች።

ወንበሮቹ ቀሩ።
አንዱ ቀበሌ ገባ፣ የማኅተም መቺ ሆነ፤
አንዱ ዲማ ወረደ፣ ከየኔታ ጋር መነነ፤
ፀጉር ቤት ያለው ስንቱን ጎረምሳ አስጎነበሰ፣
አምና መንገድ ሲሰፋ ከነቤቱ ፈረሰ።

ሲጥ ባዩ ከኔ ጋር አለ።
አባቴ ካረፈ ሰባት ዓመቱ፤ መጋዙን የያዘው የእኅቴ ልጅ ነው፣
የዚያች፣ ሣጥኗ የቀረባት።
ትናንት ሙጫ ይዞ መጣ፦
«አክስቴ፣ ይህን ወንበር ላጥብቀው?»

ተወው አልኩት።
የሁለተኛው ቫዮሊን ነው፤
ቀጥሎ የሚቀመጠውን ገና አላወቅነው።